ሳማ

ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅተም ስመታ
እጄ የለመደው ከፍ ብሎ መውደቅ ነው፣ ከጧት እስከ ማታ።
የላውሻ ፖስታ ቤት በሩን የዘጋ ቀን
ቁልፉን አስረክቤ፣ ሽቅብ ወጣሁና ዳገት ዳገቱን፣
የሮስቪታን ደወል ተጫንሁት፤ ከፈተች።
እጆቼን አየችና "ግንብ ልትሠራ ነው?" ብላ ጠየቀች።
"ቅጠል" አልኋት።
ሳቀች።

ጠረጴዛዋ ላይ ነበልባል ቆሟል፤
ሥሩ ሰማያዊ፣ ጫፉ እንደ እባብ ያፏጫል።
አረንጓዴውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዤ
አዞራለሁ፣ አዞራለሁ፣ ጫፉ ላይ ፈዝዤ፤
ይቀላል፣ ይላላል፣ እንደ ማር ይረዝማል፣
ልያዘው ስል ደግሞ አንገቱን ይደፋል።
"አታሳደው" ትላለች፣ መነጽሯን ገፍታ፤
"መስታወት ዕዳ አይደል፣ በግድ አይሰበሰብ፤
እሱው ይመጣልህ፣ ስትሰጠው ፋታ።"

የመጀመሪያው ወር ማንኪያ ነው የሠራሁ።
በሁለተኛው ወር የበሬ ምላስ ነው ደርድሬ የጨረስሁ።
በሦስተኛው አንዱ ቅጠል መሰለና፣
ጠረጴዛው ጥግ ላይ ትቼው ሄጄ አደርሁ፣ ልቤ ሞላና።
ጧት መጥቼ ባየው ለሁለት ተከፍሏል።
"ቸኩሎ የበረደ ቂም ቋጥሮ ያድራል፤
ምድጃ ውስጥ ክተት፣ ቀስ ብሎ ይርሳ።"
ይኸው ነው የሰጠችኝ፣ ማጽናኛም ወቀሳ።
አውራ ጣቴ ላይ ሦስት ጠባሳ ቆጠርሁ፤
ቅጠል ልሠራ ብዬ ቃጠሎ አተረፍሁ።

ሚያዝያ ላይ፣ በረዶው ከጣራው ሲንጠባጠብ፣
ጋዙን ዘጋችብኝ።
"ቅጠል አይተህ ታውቃለህ?"
"ስድሳ ሦስት ዓመት።"
"አላየህም። ውጣ።
ከባቡር ሐዲዱ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሳማ አለ፤
ነቅለህ ይዘህ ና። ጓንት አታድርግ።"

በባዶ እጄ ነቀልሁት።
ሳማ ሳመኝ፣ መሳም ካሉት፤
ከመዳፍ እስከ ክንድ እሳት በእሳት ላይ፣
ሽፍ ባለ እጄ ይዤው ተመለስሁ፣ እያልሁ ዋይ።
ማጉሊያ ሰጠችኝ። ጎንበስ አልሁ።
በግንዱ፣ በቅጠሉ፣ የቆመ ፀጉር አየሁ፤
ባዶ ቱቦ፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ መርፌ።
"የወጋህ እሱ ነው" አለች፤ "ጫፉ ከምን እንደሆነ ታውቃለህ?
ከመስታወት።
ይህ አረም፣ ያለ ጋዝ፣ ያለ ምድጃ፣ ያለ እኔ ጩኸት፣
አሸዋውን ጠጥቶ ያወጣዋል የገዛ ራሱን መስታወት።
እኛ በሺህ ሙቀት የምንንገበገብበትን
እሱ ከአጥር ሥር፣ በዝናብ፣ በጥላ፣
ዝም ብሎ ይሠራል ሥራውን።"

ግንዱን በጣቴ ዳበስሁት፤ አራት ማዕዘን ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት በጎኑ ሳልፍ
ክብ ነበር የሚመስለኝ።
ቅጠሉ ሁለት ሁለት፣ ፎቅ በፎቅ ይወጣል፣
የላዩ ጥንድ ሁሌ የታቹን በመስቀል ያልፈዋል።
ጥርሱ ወደ ጫፉ ያዘነብላል።
ይህን ሁሉ ማን ደብቆብኝ ኖሯል?

በጋውን በወረንጦ ጥርስ ስቆነጥር፣
ከነጩ ዘንግ ፀጉር ስመዝ፣ ቀጭን እንደ ሸረሪት ድር፣
እሷ ከጀርባዬ፣ እጇ በኪሷ ነበር።
እጇ ዘንድሮ ይንቀጠቀጣል።
አትናገርም፤ እኔም አልጠይቅ፤
ነበልባሉ ግን ያውቃል።

መስከረም ሲያልቅ ከምድጃው አወጣሁት።
ቀዝቅዟል፤ ቂም የለበትም።
እጇን ከኪሷ አወጣች፤ ዳበሰችው ከታች ወደ ላይ፤
አንዲት ፀጉር ተሰብራ ገባች አውራ ጣቷ ላይ።
ጠብታ ደም።
ጣቷን ጠባች፤ ጠርዙን ደግማ አየች፤
"አዎ፣ ሳማ ነው" አለች።
መጋረጃውን ሳበች፣ ካፖርቷን ደረበች፣
በሩ ላይ ስትደርስ፣ ዞር ሳትል፣
"ነገ እንስላል።"