አንድ ሰው የቀረው

ኢኮኖሚ ቢሉኝ፣ እኔ የማውቀው በወንበር፤
ሌላው ከሬዲዮ ይስማ፣ እኔ እሰማለሁ ከበር።
ከቱሉ ዲምቱ ገላን፣ ስድስት ዓመት ተንጠልጥዬ፣
ስንቱን ሥራ አስገባሁት፣ «ጠጋ በል!» ብዬ ብዬ።

የልብስ ፋብሪካው ሰሞን፣ በሩን ሲከፍት ገና፣
ሴት ልጅ ጎረፈ ወደኛ፣ ከወላይታ ከሆሳዕና።
አዴ ዲንቄ በረቷን፣ በሲሚንቶ ለስና አከራየች፤
ጥጃ በታሰረበት፣ ዘሪቱ ፍራሽ ዘረጋች።

ዘሪቱን ያወቅኋት ያኔ፣ ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ፣
የመጀመሪያ ደሞዟን፣ በጣቷ ስታሰላ ሳይ።
«ለቤት ይሄ፣ ለታክሲ ይሄ፣ ለእናቴ ማዳበሪያ...»
ጣቷ አለቀ፤ ብሩም አለቀ፤ ወሩ ገና መጀመሪያ።

በፋብሪካው በር ላይ፣ ኦቦ ጉርሜሳ ዘብ ቆሟል፤
ያጥሩን ቋሚ እንደ ጤፍ፣ በዓይኑ ሲያርም ይውላል።
ካሣው ባጃጅ ሆነ፤
ባጃጁ ቁርጥራጭ ብረት ሆነ።
«የገዛ መሬቴን» ይለኛል፣ «ሌባ እንዳይገባ ልጠብቅ፣
ለሰው ተቀጠርኩ» ብሎ፣ ይስቃል፤ እኔ ግን አልስቅ።

ከዚያ ዶላር ጠፋ አሉ። ዶላርን እኔ አላየሁት፤
ሲጠፋ ነው የተዋወቅነው፤ ስሙን ከሾፌሬ ሰማሁት።
ክሩ ጅቡቲ ላይ ቆመ፤ ማሽኑም ገላን ላይ ቆመ፤
የናፍጣ ዋጋ ብቻ፣ ሽቅብ እየጋለበ ቀደመ።
መጀመሪያ የሌሊት ፈረቃ፣ ቀጥሎ ቅዳሜ ቀረ፤
የኋላ ወንበር ጥግም፣ ባዶውን መሄድ ጀመረ።

ለካ እኔም በዘሪቱ መርፌ፣ ተሰፍቼ ነው የኖርኩ፤
ክሩ የቀረ ዕለት፣ ከነኪሴ ተተረተርኩ።
አዴ ዲንቄ ክፍሏን ዘግታ፣ ጥጃ መለሰችበት፤
ሲሚንቶው ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ጥጃው ተኝቶ አይሞቅበት።

አንድ ማለዳ፣ ወደ ቃሊቲ ስንዞር፣
ዘሪቱ መጣች፤ ፍራሿን በገመድ ጠፍንጋ።
ፍራሹ ወንበር ያዘ።
«የሁለት ሰው ክፈይ» አልኳት፤ ሾፌሩ ያያል። ከፈለችኝ።
መናኸሪያው ጋ ወርዳ፣ ዞራም አላየችኝ።

ዛሬ አንዱ «ሊከፈት ነው»፣ ሌላው «ሊሸጥ ነው» ይላል፤
ኦቦ ጉርሜሳ እንደሁ፣ ባዶውን ግቢ ይጠብቃል።
ከመጋዘኑ ደጃፍ፣ ሣር በቅሎ ወገብ ደረሰ፤
«ልጨደው ወይ?» ብሎ ጠይቆ፣ አንድም ሰው አልመለሰ።
የራሱ ሣር።

እኔ ልማድ ሆኖብኝ፣ ግማሹ እንኳ ሳይሞላ፣
አንገቴን ወደ ውጭ ሰግጌ፣ አደባባዩን ስጣራ፣
«ገላን! ገላን! አንድ ሰው የቀረው!» እላለሁ እንደ ድሮ።
ድሮ ውሸቴን ነበር፤
መንገደኛ እንዲቸኩል፣ ሾፌሬም እንዲደሰት።
አሁን ግን ቃሉ አፌ ውስጥ፣ ሳላስበው ሆነ እውነት፦

አንድ ሰው ቀረ።