ባዶ ሰቃይ

ሥራዬ ቀላል ነው፤ መሰላል ላይ ወጥቼ
ቆርቆሮ መስቀል ነው፣ ከሣጥን አውጥቼ።
ኔቱኖ ይሏታል፤ ከሮም በታች ናት፤
ጨው የሚቀምሳት፣ ዝገት የወረሳት
አንዲት ሠሌዳ አላት፤ እኔ ነኝ የሷ ሰው፣
ነጥብ የምሰቅለው፣ ነጥብ የምነቅለው።

የግሮሴቶው ወርዋሪ፣ ዩርፊ ማርቴ፣ ልጅ ነው፤
ክንዱ ጅራፍ ሆኖ ኳሷን ሲያስጮኻት ነው
መቺው የሚሰማው፤ ማየቱማ ቀርቶ
ኳሷ ጓንት ገብታ፣ ዱላው ይነሣል ዘግይቶ።

የኛው ኤርሚኒዮ ግን አርባ ሊሞላው ነው፤
ትከሻው ላይ በረዶ አስሮ የሚያድረው።
የሱ ኳስ አትሮጥም፤ ቀስ ብላ መጥታ፣
እንደ አፋር እንግዳ ደጃፍ ላይ አመንትታ
ቁልቁል ትሰበራለች፤ መቺው አየር መትቶ
ይዞራል ባለበት፣ የገዛ እግሩን ረስቶ።

ቀላቢው ፕሪሞ ቁጢጥ ብሎ ጓንቱን ሲከፍት፣
በጭኑ መሐል ጣቱን ሲያሳይ ለምልክት፣
ማን ማንን እንደሚቀልብ ይጠፋኛል አንዳንዴ፤
ያ ያጎርሳል፣ ይህ ይውጣል፣ በዚያው በለመዱት ዘዴ።

አንደኛው ዙር ባዶ። ሁለተኛው ባዶ።
አምስተኛው ላይ ከሠሌዳው ሥር አንድ ጎብኚ ተነሣና
«ምንም አልሆነም» ብሎ ልጁን አቅፎ ሄደ።
ምንም አልሆነም!
ይህን ምንም ለመሥራት ሁለት ሰው ትከሻውን ቀደደ።

የጥንቶቹ የኛ ሰዎች ከ፩ ነው መቁጠር የጀመሩት፤
ለባዶ አኃዝ የላቸውም፤ የሌለን ምን ብለው ይጻፉት?
እኔ ግን ክቧን ቆርቆሮ በሚስማሯ ላይ ሳኖራት
ዐይኑ ዐን ትመስለኛለች፣ እንቅልፍ የሚባል የሌላት።

ስምንተኛው ላይ ማርቴ ላቡን ጠረገ፣ ደጋግሞ።
አራት ኳስ ከመስመር ወጣ፤ ቫስኮ አንደኛው ማዕዘን ቆመ፣ ያለ ምት፣ ተራምዶ።
ቀጣዩ መቺ ዱላውን አጋድሞ ኳሷን አንኳኳት፤
ራሱ ተቃጠለ፣ ጓደኛውን አሻገረ።
የሦስተኛው ሰው ዱላ ተሰበረ።
ስንጥሩ ወዲያ፣ ኳሷ ወዲህ፣
ከቅርቦቹ ራስ በላይ፣ ሩቆቹ ሳይደርሱባት
እንደ እርጥብ ጨርቅ ጠብ አለች። ቫስኮ አቧራ ለብሶ ገባ።
ማርቴ ምን አጠፋ? ያ ምት እንኳ ምት አይባል።
ቀጭኗን አንድ ሰቀልኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አላውቃትም ነበርና።

ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ ብዳብስ፣ ባዶ የለም።
ባዶ አልቆ ሣጥኑ ባዶ!
አሥራ አምስት ብቻ ነበሩ፤ ሲኞራ ፋውስታ ናት
«ከዚህ በላይ ማን ይፈልጋል» ብላ የቆጠረችው።

ዘጠነኛው። ኤርሚኒዮ ክንዱን በሌላው እጁ ይዞ ወጣ፣
የሰው ዕቃ እንደሚመልስ።
አንዱ ሰማይ መታ፣ ወረደችና ተቀለበች።
አንዱ መሬት መታ።
ለመጨረሻው ዘገምተኛዋን ወረወረለት፤ ከዘገምተኛዋም ዘገምተኛዋን፤
ሰውዬው ቀድሟት መታ፣ ቀድሟት ጨረሰ፣
እሷ ኋላ መጣች።

ሕዝቡ ጮኾ ጮኾ ወደኔ ዞረ።
መፍቻ አነሣሁ። ከሠሌዳው አናት፣ ከከተማዋ ስም ጫፍ፣
በነሱ ጽሕፈት ክብ የሆነችውን ያችን ፊደል
ፈትቼ ዘጠነኛው ላይ ሰቀልኳት።

ጠዋት ፋውስታ ቁልፏን እያንሿሿች መጣች፤
«ስማችን ጎደለ! የት አደረግኸው?»
በጣቴ አሳየኋት።
እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ ፀሐይ እየወጋት፣ ብዙ ቆመች።
«እስከ ቅዳሜ ይቆይ» አለች።