ማኅተሟ የት ገባች?

ዛሬም ከሦስት ቦርሳ ወረቀት ዘነበ፤
ጠረጴዛው ሞልቶ ወንበር ላይ ነጠበ።
የዋና ፈቃድ አለ፣ የጥርስ ምርመራ፣
ምድር ብትናወጥ ልጁን እንዲወስድ ማን እንደሚጠራ
የሚሞላ ካርድ፤
ሁለት የወለል ጨርቅ፣ በእጅ የተሰፋ
(የሱቅ ስፌት ካየች፣ የመምህርቷ ሳቅ እልም ብሎ ጠፋ)።

እኔ ግን ሰነፍ አይደለሁም፤ ሥርዓት አበጅቻለሁ፤
ማቀዝቀዣው በር ላይ የወሩን ሰሌዳ በማግኔት ሰቅያለሁ፤
ለነፍስ ወከፍ ቀለም መድቤያለሁ።
ሰማያዊው የሚጹኦ፦ የሃኮዳቴ ትራም፣ የነጂ ፈረቃ፣
እኛ ስንተኛ የሚነቃ።
አረንጓዴው የአማቴ፦ የጉልበቷ ሐኪም፣ የማክሰኞ ማኅበሯ፤
ብርቱካኑ የናጊሳ፦ የጥርሷ ሽቦ፣ የጥሩንባ ልምምድ፣ የሒሳብ መምህሯ፤
ቢጫው የኮሃሩ፦ ሳል፣ ክትባት፣ እንደገና ሳል፤
ቀዩ የኔ፤ ሌሊት በዘጠኝ ተኩል የዓሣ ገበያው መኪና ደጅ ይቆማል።
ቡናማው የቴፔይ ነው። ሌላው እስክሪብቶ እየነጠፈ ሁለቴ ሲቀየር
እሱ እንደተገዛ ነው። ልጁ አያስቸግር፣
አይጠይቅ፣ አይማረር።

ነገ የዋናው ፈቃድ የመጨረሻ ቀኑ ነው፤
ማኅተም ካላረፈበት፣ የቴፔይ ዕጣ
ገንዳ ዳር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው የሌላ ልጅ ፎጣ።
ማኅተሟ ግን የለችም።
ጣት የምታክል የቀንድ ቁራጭ፣ የቤታችንን ስም በክብ የያዘች፣
ያለ እሷ ቃሌ ቃል አይሆንም፤ በቀደም እዚሁ ነበረች።
የሩዝ መስፈሪያው ውስጥ አየሁ። የአማቴን መድኃኒት ገለበጥኩ።
የኮሃሩን አሻንጉሊት ሆዷን ጨምቄ ፈተሽኩ።
«ቺዙሩ» አለች አማቴ ከመኝታዋ፣ «በኛ ጊዜ እኮ
ልጅ አፍንጫው ተጠርጎ ይሄዳል፣ አለቀ፤ ይኼን ሁሉ ደብዳቤ ማን ልኮ!»

በመጨረሻ ከቴፔይ የእርሳስ ቦርሳ፣ ከላጲሱ ሥር፣
በሶፍት ተጠቅልላ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ።
አብሯት አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት።
«ሐሙስ፣ ወላጆች ባሉበት፣ ልጆች የጻፉትን ያነባሉ።
እገኛለሁ። አልገኝም። አንዱን ይክበቡ።»
«አልገኝም» ተከቧል። ከሥሩ፣ «ምክንያት» በሚለው ላይ፣
በተንጋደደ ፊደል፦ «ሥራ»። ማኅተማችን ተዘቅዝቃ፣ እግሯ ወደ ሰማይ።
ይሄኛው የተበላሸው ነው፤ ሁለተኛ ለምኖ
ደህናውን ሰጥቷል ማለት ነው፣ እኔን ሆኖ።

ሰሌዳውን አየሁ። ያ ሐሙስ ካለፈ ሳምንቱ። ሣጥኑ ውስጥ
ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካን ተጋፍቶ፣
ነጭ የሚባል ነገር ጠፍቶ።
ልጄ ማንበብ ይችላል። የጻፍኩትን ነው ያነበበው።

የዋናውን ወረቀት አተምኩ፤ ትንሽ አዘነበለ፣ ተውኩት።

ሌሊት ቦቲዬን ሳጠልቅ ከኋላዬ ቆሟል፣ ፒጃማው ተገልብጦ።
«ለምን አልነገርከኝም?»
«አየሁት እኮ፣ እማ። ቦታ አልነበረም።»
ተቆጥቶ አይደለም፤ ሰዓት ተጠይቆ እንደሚነግር ሰው ነው።
«ስለ ምን ነበር የጻፍከው?»
«ስለ አባዬ ደወል። ትራሙ ሲታጠፍ ለምን ሁለቴ እንደሚመታው።»
«አምጣው።»

አንድ እግሬ ቦቲ ውስጥ፣ አንዱ በካልሲ፣
አነበበልኝ፤ በሹክሹክታ፣ እህቶቹ እንዳይነቁ፤
አራት ነጥብ በደረሰ ቁጥር፣ እንደተማረው፣ ትንፋሽ ይወስዳል።
ውጭ መኪናው አንዴ ጥሩንባ ነፋ፤
ቆይቶ ሁለቴ።
ገና አንደኛው ገጽ ላይ ነበርን።