ልክ

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል፣ መኪና ግርግር ሰፈር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ኖርኩ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ
የሰውን ትከሻ ስለካ፣ የወገብ ዙር ስቆጥር።
የእከሌን ደረት፣ የእከሊትን ክንድ በቃሌ ነው የምይዘው፤
ያልለካሁት ልጄን ነው።

«ልክ አይደለችም» አሉ፣ ልኳን ሳያውቁ፤
አንዱ ዓይነ ጥላ አለው፣ አንዱ ቅብጠት፣
አክስቷ ደግሞ «ገረፍ ብታደርጋት»፤
ለወሬማ መቼ ደከሙ፣ መቼ አለቁ!

የዒድ ቀሚሷን፣ ሦስት ሌሊት የተቀመጥኩበትን፣
ገና ከአንገቷ ሳይወርድ ጮኸች፣ ቀደደችው።
እኔም፣ ይኸው ልናገረው፣ እጇን ያዝኩና መታሁት፤
ለቀሚሱ አዝኜ።

ትርሲት የምትባል ባለሙያ፣ በሳምንት አንዴ ከድሬዳዋ የምትመጣ፣
መድኃኒት አልሰጠችኝም፤ ወረቀት ዘረጋች።
«ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ በፍጹም»፤ ሦስት ሳጥን፣ አንድ ምልክት።

ባጃጅ ሲያልፍ ጆሮዋን ትይዛለች? ሁልጊዜ።
ፀጉሯ ሲበጠር? ሁልጊዜ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።
ሩዙ ወጡን ከነካው? ሳህኑ ይገፋል።
ሸምበቆ መብራት? «ያፏጫል» ትላለች፤ እኛ አይሰማንም።
ስትወድቅ፣ ስትደማ ታለቅሳለች?
እዚህ ላይ ዝም አልኩ።
ባለፈው ክረምት መርፌዬ ጣቷን በስቶት፣
ደሟን አይታ «ቀይ» ብቻ ነው ያለችው።

የልብሷስ ስፌት? አንገቱ? ከኋላ ያለው ምልክት?
ለካ እሾህ ነው ያለበስኳት፣ በወርቅ ክር የጠለፍኩት፤
ለካ አመመኝ ያለውን እጅ ነው የመታሁት።

ትርሲት ሜትሬን አየችው፣ አንገቴ ላይ ረስቼው የመጣሁትን።
«የእኔም ሥራ መለካት ነው» አለች፤
«ድምፁ፣ ብርሃኑ፣ ንክኪው የት ጋ እንደሚጠባት፣ የት ጋ እንደሚሰፋት።
ከዚያ ልብሱ ይስተካከላል፤ ገላ አይቆረጥም።»

ኪርታቷን ባዶ አደረግን፤
የአያቶቻችን ሙሽራ የከረመችባትን ጠባብ ክፍል።
አምፖሏን ነቀልን፣ ምንጣፍ ደራረብን፤
ከተማው ሲበዛባት ትገባለች፣ ማንም «ውጪ» አይል።
ከባድ ብርድ ልብስ ስፋላት ብትለኝ ማሽላ ሞላሁበት፤
በሳምንቱ አይጥ ገባበት።
(ሂንድ ሳቀች። ባለቤቴ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው!)
የኤረርን አሸዋ አጥበን፣ በፀሐይ አድርቀን፣ በትንንሽ ኪስ ቋጠርነው፤
«ራሷ ገፍፋ መጣል የምትችለው ይሁን» ስላለች፣ ሁለቴ ፈትቼ ቀነስኩት።

ሁሉም አልሰመረም።
ትምህርት ቤት የጆሮዋን መከለያ ቀሟት፤
ወረቀቱን ይዤ ሦስቴ ተመላለስኩ፣ በአራተኛው መለሱላት፤
ደወሉ ግን ዛሬም ያው ደወል ነው።

ለዘንድሮው ዒድ ቀሚሷን ገልብጬ ሰፋሁት፤
ስፌቱ ለሰው ዓይን፣ ልስላሴው ለእሷ።
አንዱ ደንበኛ ቆም ብሎ፣ «ሸኪብ፣ አረጀህ እንዴ? ተገልብጧል እኮ!»
«ልክ ነው» አልኩት፣ ቀና ሳልል።

ከወረቀቱ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦
ደስ የሚላትስ ነገር?
ዘጠኝ ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን።
ባዶውን ይዤው ተመለስኩ።
በማግስቱ ኒስሪን ሱቄ መጣች፣ ሠላሳ መኪና ባንዴ ግርር በሚልበት ሰዓት፤
ትጮሃለች ብዬ እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ።
እሷ ጉንጯን ጠረጴዛው እንጨት ላይ አስተኛች፣
ዓይኗን ጨፈነች፤
«አው፣ ንዳው።»

ረገጥኩት።
ያቺ ባዶ ቦታ እስከዛሬ አልተሞላችም፤
ግርርታ በየትኛው ፊደል ይጻፋል?