የተጠረገው አፈር

የባዜቃው ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲያ
ሥራ ፈት ተራራ ሆናለች ኢድሪያ።
ወንዱ ሲያዛጋ ይውላል ድልድይ ተደግፎ፣
ሴቱ ዳንቴል ይሠራል ትራሱን አቅፎ።

በዚያች ከተማ ነው የርኔይን ያገኘሁት፣
ስድሳ ሁለት ዓመቱ፤ ለጥናት የመረጥኩት።
ጣቱ እንደ ድንች ነው፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣
ከመዶሻ በቀር ሌላ ያላወቀ።
ሚስቱ ዞፍካ ሳቀች፦ «ይሄ ሰው? ይሄ እኮ
የሸሚዝ ቁልፍ ሲዘጋ ያልበዋል ተጨንቆ፣ ታውኮ!»

ገና ክር ሳይነካ፣ ሉብልያና ወስጄ፣
በሚጮኸው ማሽን አስተኝቼው፣ የአንጎሉን ምስል ይዤ
ተመለስን።
ከዚያ ዞፍካ ጀመረች፦
«ጠምዝዝ። አሻግር። ስካ።
ጠምዝዝ። አሻግር። ስካ።
ኧረ በግራህ! ያንን ቀሰም አትንካ!»

ስፒሉ ጣቱን ወጋው፣ ክሩ ተበጠሰ፣
እየተራገመ ሄደ፣ እየተራገመ ተመለሰ።
ሌሊት (ዞፍካ እንዳለችኝ) ተኝቶ ሲያንኮራፋ
ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ በጨለማ ሲለፋ፣
ሲያሻግር፣ ሲጠመዝዝ፣
የሌለ ክር ሲመዝዝ።

በሦስተኛው ወር ላይ ምስሉን ስመለከተው
እጅን የሚያዝዘው ሰፈር ወፍሯል፤ ያበጠ ነው የሚመስለው።
ሴልና ሴል መሃል እንቡጥ ይወጣል አዲስ፣
ገሚሱ ሊጸና፣ ገሚሱ ሊፈርስ፤
ይህን ፎቶው አያሳይም፣ ከአይጦች ነው የሰማነው።
እኔ ያየሁት እብጠቱን ነው።

ከዚያ ያንን ጨካኝ የጥናት ሕግ ነገርኩት፦
«ዓመት ሙሉ እንዳትነካው።» ትራሱን ወሰድኩት።
ዞፍካ ሰላምታ ነፈገችኝ፤ የርኔይ ዝም አለ፣
ድልድዩ ላይ ሄዶ ከሚያዛጉት ተቀላቀለ።

ዓመቱ ሞላ። አነሳሁት። ያበጠው ሟሟ፣
አዲሱ መስመር ከድሮው ገጠመ፣ ተስማማ።
«ጠፍቷል» አልኩ ለራሴ፤
ድካሜም አብሮት የሟሟ መሰለኝ በነፍሴ።

ትራሱን መለስኩለት። እጁን ሱሪው ላይ አበሰ፣
ሃያ አራቱን ቀሰም ዳበሰ፣ ዳበሰ፣
አንዴ ተሳሳተ። ሁለቴ። ከዚያ
ጠምዝዝ አሻግር ስካ ጠምዝዝ አሻግር ስካ
እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደ ካፊያ፣
ስለ ጥርስ ሐኪሙ እያወራ፣ ሳይቆጥር፣ ሳይለካ፤
ሦስት ወር የፈጀበት ግማሽ ቀን ኖሯል ለካ!

«ታዲያ ይሄ ፎቶ ለምን ጠፍቷል ይለኛል?» አልኩት።
መነጽሩን ገፋ አድርጎ እንደ ማዕድን ካርታ አየልኝ፣ ሰጠሁት።
«የኔ ልጅ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር አፈሩ ይከመራል፣
ከሩቅ የሚያይ ሰው ክምሩን ይቆጥራል።
በኋላ ጋሪ መጥቶ ክምሩን ይጠርጋል፤
ዋሻው ግን...» እጁን አወናጨፈ፤
«ዋሻው እዚያው ነው። መብራት ብቻ ይፈልጋል።»

ማስታወሻዬን ሳወጣ ዞፍካ ከኋላ መጣች፣
ዳንቴሉን በመስኮቱ ብርሃን ዘረጋች፣
ቅጠሉ ከግንዱ ሲገጥም፣ በጥፍሯ ነካች፦
«ያው ስሕተት!» ጮኸች። «ያውና! አምና እዚሁ ጋ
ሁለቴ ጠመዘዝከው ብዬ ስንት ቀን ስንጣላ!
ይሄንንም ነው ያስቀመጥከው?»

የርኔይ ትከሻውን ሰበቀ፣ ቀሰሙን አነሳ፤
ጣቱ በዚያው ጠማማ መንገድ ሄደ፣ ሳይረሳ።