ፊደል አይፈቀድም

ከዚራ፣ ኒሙ ሥር፣ በሲራጅ በረንዳ፣
መብራት ሲጠፋብን፣ ሙቀት እንደ እንግዳ
ሳይጠሩት ገብቶ ከመሃል ቢቀመጥ፣
ወሬውም ቢደርቅ፣ ካርታውም ቢሰለች፣
ሻማ ለኮስኩና አንድ ሉክ ከደብተር
ገንጥዬ ጀመርኩኝ ሕጉን ለመዘርዘር።

ፊተኛው ከራሱ አንዲት ነገር ይጻፍ፤
ጎረቤቱ ይሣላት፤ ለሌላ ሲያሳልፍ
ጽሑፉን ይጠፈው። ሦስተኛው ሥዕሉን
አይቶ በቃል ይጻፍ የመሰለውን።
እንዲህ እየታጠፈ እስከ ጫፍ ይደርሳል።

አደብ ደግሞ አለው፦ ሥዕል ውስጥ ፊደል የለም፤
አንዲት "ሀ" ከገባች ወረቀቱ አይቀጥልም።
ቁጥርም እንደዚያው። ቀስት ግን ይቻላል።
(በቀስቷ ጉዳይ ቶፊቅ ዛሬም ይሟገታል።)
"እጄ አይታዘዝም" ብሎ ማላዘን ነውር፤
የማን እጅ ታዘዘ በዚህ ሁሉ ሐሩር?
አፍንጫ ጎትቶ ጎረቤት ማስቀየም፣
እየሣሉ ማብራራት፣ በቅንድብ መጠቆም፣
ሰው ሳይጨርስ መሳቅ፣ ይኼ ሁሉ የለም።
ከሁሉ በላይ ግን ለራስህ አትሣል፤
ከጎንህ ያለው ሰው ምን ያያል? ምን ይላል?
ለእሱ ነው መስመሩ።

አዴ ረውዳ ሰምቡሳ ይዛ ቆማ ሰማችኝ።
"ፊደል አይፈቀድም? እስቲ ድገሚው" አለችኝ።
"አይፈቀድም።"
"እንግዲያው ይኼ የእኔ ጨዋታ ነው፤
ስድሳ ሁለት ዓመት ያለ ፊደል ነው የኖርኩት።"
ሰሃኑን አኑራ፣ ቶፊቅን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።
ማንም አልሳቀ። የቀበሌ ወረቀት ላይ
አውራ ጣቷን ስታሳርፍ ያላየ
ከመካከላችን የለም።
"ጽሑፉ ሲደርስሽ በጆሮሽ እነግርሻለሁ" አልኳት፤
(ድሬ "እርስዎ" አያውቅም፣ ሁሉም "አንቺ" ነው)
የራሴን ሕግ፣ ሳይጀመር፣ እኔው ጣስኩት።

ጋሽ ግዝሙ ጀመረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ለባቡር ባንዲራ ያውለበለበ ክንድ፣
ቀስ ብሎ ጻፈ፦
"የማክሰኞው ባቡር ሳይመጣ ቀረ።"

ነጂብ ብዙ አሰበ። መቅረት እንዴት ይሣላል?
ያልመጣ ነገር ምን ዓይነት መልክ ይኖረዋል?
ሁለት መስመር አጋደመ፣ በመሃላቸው ርብራብ፣
ከዚያ በላይ ባዶ። ብዙ ባዶ።
ልደት አየችና፦ "መሰላል መሬት ላይ ተኝቷል።"
ቶፊቅ የባጃጅ ሰው ነው፣ እንደ ነገሩት ይነዳል፦
መሰላሉን ትራስ አንተራሰው፣ ዓይን ሰጥቶ ጨፈነለት፣
ብርድ ልብስ አለበሰው፣ በድሬ ሙቀት!
ሐናን፦ "አንድ ረጅም ሰው ታሞ ሆስፒታል ተኛ።"

በጆሮዋ ሹክ አልኳት።
አዴ ረውዳ እስክሪብቶውን እንደ መርፌ ያዘችው።
በሽተኛ አልሣለችም። አልጋም አልሣለችም።
አንድ በር። ከበሩ ውጭ አንዲት ሴት፣
ጭኗ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ሳሕን፣
እጇ ከግንባሯ፣ ዓይኗ ወደ መንገድ።
ከጣቷ የሰምቡሳ ዘይት ጥጉን ነክቶት
ሻማው በዚያ በኩል አሾልኮ ያያል።

የመጨረሻዋ ልጄ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ።
ምላሷን ከከንፈሯ ጥግ አውጥታ ጻፈች፦
"ሴትየዋ ለገሃሬ ቁጭ ብላ ባቡር ትጠብቃለች።"

እጥፉን ዘረጋሁት። አሁን መሳቅ ይቻላል።
ብርድ ልብስ የለበሰው መሰላል ጋ ስንደርስ
የሲራጅ ውሻ እስኪጮህ ሳቅን።
ጋሽ ግዝሙ ግን ከታች ያለውን መስመር
ሁለቴ አነበበው፦ "ማን ነገራት?"
"ማን ይነግራታል?" አለች አዴ ረውዳ፣
ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣
"ፊደል አይፈቀድም።"

መብራት መጣ። ቬንቲሌተሩ እየቃተተ ዞረ።
ጋሽ ግዝሙ ወረቀቱን በእጥፉ መልሶ አጥፎ
ደረት ኪሱ ከተተው።
ስለዚህ ያወጣሁት ሕግ አልነበረም።