የቀያሹ ቃል

አርባ ዓመት ሙሉ ቀላድ ስጥል ኖርሁ፤
ያባት የናት መሬት ስሸነሽን ዋልሁ።
የፖሙን ዛፍ ነቅለው አስፋልት አነጠፉ፤
«የፖም ዛፍ ጎዳና» የሚል ስም ለጠፉ።
ድርጭት ስትሰደድ፣ መኪና ማቆሚያው
«የድርጭት ማረፊያ» ሆነለት መጠሪያው።
ካርታውን የሣልሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ።
እውነቱን ልናገር? እንቅልፍ አላጣሁም።
የምከፈለው በካስማ ነበር፤
ጸጸት ደረሰኝ የለውም።

ታዲያ በመጋቢት፣ በረዶ ቀልጦ ጭቃው ሳይጠና፣
አርሊን ክሎፕ ደወለች፦ «ቶሎ ና፤ ድንበሬን ዙርና
ለካልኝ። ካውንቲው ሊገዛ ነው።»
«መሬቱን?»
«መሬቱ ምን ሆነና! መሬቱማ የኔው ነው።
የምሸጠው መብቱን ነው፦ ቤት የመሥራት፣ የመክፈል፤
ከእንግዲህ በዚህ አፈር በቆሎ እንጂ ጡብ አይበቅል።»

ሳቅሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤
ያልተሠራ ቤት ግን ሲሸጥ ሰምቼ አላውቅም።
መሳቢያዬን ሳብሁ። ንድፉ አለ፣ አቧራ ለብሶ፤
ባሏ ኤልውድ ያሠራኝ፣ የወተት ዋጋ ወርዶ ዕዳው ደርሶ፦
መቶ አሥር ቤት፣ ሦስት መንገድ፣ አንድ ኩሬ ከነዳክዬው።
ሳይፈርምበት ከበረቱ ደጅ ወደቀ፤ ቀረ እንደተኛው።

ስብሰባው በእሳት አደጋ ጣቢያው ነበር፤
ቀዩ መኪና ደጅ ወጥቶ፣ በቦታው ተደረደረ ወንበር።
ልጇ ትሮይ ተነሣ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።
«መጋዘን ሠሪው» አለ፣ «አራት እጥፍ ይሰጣል።
ይሁን፤ ገንዘቡ ይረሳል።
ግን 'ለዘለዓለም' የምትሉትን ቃል ማን ፈቀደላችሁ?
ያልተወለደ የልጅ ልጄን እጅ ለምን ዛሬ ታስራላችሁ?»
የመለሰለት አልነበረም።
ቡና ማፍያው ብቻ ጥግ ላይ ሆኖ አጉረመረመ።
አርሊን ጣቶቿን ቆጠረች፣ ከአንድ እስከ አሥር፣ ደግማ።
ድምፅ ተሰጠ፤ ሦስት ለሁለት።
ሦስተኛው እጅ የወጣው ዘግይቶ፣ እስከ ጆሮ ድረስ፣
ባለቤቱ ሊያክበት ፈልጎ ሐሳቡን የለወጠ ይመስል።

በማግስቱ ረዳቴ ታሞ ቀረ፤ ሜትሩን ማን ይያዝ?
ትሮይ መጣ። ጫፉን ያዘ፤ ፊቱ ጥቁር ደመና።
ሳንነጋገር ዞርን። በሰሜን ጥግ፣ ከጅረቱ ዳር፣
ቅድመ አያቱ የተከለው የወሰን ድንጋይ ነበር፤
ሽበት አውጥቷል። ከጎኑ ብረቱን በመዶሻ ስመታ
«ትንሽ ወደ ግራ» አለኝ። ልክ ነበር። ዋለ፤ መሸ ማታ፤
ከአውራ ጎዳናው ማዶ የሌላው መጋዘን መብራት በራ፣
የትልሙን ግማሽ ቀን አደረገው። ትሮይ ጀርባውን ሰጥቶት
ሜትሩን ጠቀለለ፣ በቀስታ፣ ጭቃውን በአውራ ጣቱ እየጠረገ።

«ለዘለዓለም» ይላል ሰነዱ፣ ገጽ አራት ላይ።
እኔ የማውቀው ብረት ይዝጋል፣
ድንጋይንም ጎርፍ ያንከባልላል።
ቢሆንም ቁጥሩን ጻፍሁ፤ ሁለቴ አመሳከርሁ፤
በአርባ ዓመት ሥራዬ እጄ ሲንቀጠቀጥ ያን ቀን አየሁ።

ያን የመቶ አሥር ቤት ንድፍ ኋላ ወሰድሁላት።
«ላቃጥለው?» ብላት፣ በጣቷ ዳሰሰችው፤
«ወረቀቱ ደኅና ወፍራም ነው» ብላ
የጫጩት ሳጥን ውስጥ አነጠፈችው።
ባለፈው ሳገኛት አጎንብሼ አየሁ፦
ሦስቱም መንገድ ላይ ቢጫ ቢጫ ይራወጣል፤
ኩሬው መሐል አንዱ ተኝቷል።